ጥቅም የለውም የተባለው ሞገድ፦ የቴክኖሎጂ ሰው ከሥራ ሰዓቱ ውጪ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን ዋላችሁ። አዘጋጆቹ ሶፍትዌር ሠሪዎችና መሐንዲሶች ከሥራ ሰዓት ውጪ ስለሚያስደስታቸው ነገር እንድናገር ሲጋብዙኝ፣ መጀመሪያ ያደረግኩት የማውቃቸውን ሰዎች በዓይነ ሕሊናዬ መቃኘት ነበር። አንዱ ወዳጄ ቅዳሜ ጠዋት ቡና ሲቆላ የምጣዱን ሙቀት በቴርሞሜትር እየለካ በደብተር ይመዘግባል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በጋ ሲገባ ቴሌስኮፕ ተሸክማ ከከተማው ብርሃን ርቃ ትወጣለች። ሁለት ወንድማማቾች ደግሞ ገበጣ የሚጫወት ፕሮግራም ጽፈው፣ አያታቸውን የሚያሸንፍ እስኪሆን ድረስ ማታ ማታ ያሻሽሉታል። ስለ እያንዳንዳቸው ብዙ ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን በእጄ የማውቀውን አንዱን ይዤ ብቆይ ይሻላል ብዬ አሰብኩ፤ እርሱም የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ማዳመጥና አማተር ሬዲዮ የሚባለው፣ ማለትም ሰዎች ለገቢ ሳይሆን ለፍቅሩ በግል ጣቢያቸው በአየር ላይ የሚገናኙበት ነገር ነው።

ዘመዶቼ ደጋግመው የሚያነሡብኝ ጥያቄ አለ። ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር ተፋጥጦ የዋለ ሰው፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ሌላ መሣሪያ የሚፈታው ለምንድን ነው? ዕረፍት ማለት ከማሽን መራቅ አይደለም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ለማግኘትም ዓመታት ፈጅቶብኛል። በሥራ ላይ የምንፈታው ጥያቄ በሙሉ ሌላ ሰው የጠየቀው ነው። ደንበኛ ይጠይቃል፣ አለቃ ይጠይቃል፣ የማስረከቢያ ቀን ይቆረጣል፣ እኛም እንመልሳለን። በዚህ ውስጥ ክብርም ደስታም አለ፤ ነገር ግን ማንም ያልጠየቀውን፣ ማንም የማይከፍልበትን፣ እኛን ብቻ እንቅልፍ የሚነሣንን ጥያቄ እስከ ጫፉ የምንከተለው ከሥራ በኋላ ባለችን ጊዜ ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ተራ ነገር አለመሆኑን ከሬዲዮ ታሪክ ላሳያችሁ እሞክራለሁ፤ የአማርኛ ስርጭት ባሕር ተሻግሮ ወደ ወላጆቻችን ቤት የመጣበትን የሰማይ መንገድ ቀድመው የሞከሩት እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሩና።

የእኔ ጥያቄ የተወለደው በአባቴ ሬዲዮ አጠገብ ነው። የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1965 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ስርጭት ደግሞ በ1982 ተከተለ፤ ሁለቱም በብዙ ቤት እንደ እራት ሰዓት የተከበሩ ነበሩ። አባቴ ሬዲዮናቸውን በመስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከአንቴናው ጫፍ ያሰሩትን ሽቦ በመጋረጃው ዘንግ ላይ ይጠመጥማሉ፤ ከዚያም የጣቢያ መፈለጊያውን በሁለት ጣታቸው ይዘው እስትንፋሳቸውን እንደያዘ ሰው በቀስታ ያዞራሉ። ድምፁ ይመጣል፣ ይርቃል፣ እንደ ውሃ ውስጥ ንግግር ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ደግሞ እንደ ጎረቤት ቀርቦ ይሰማል። «ሽቦው ነው፤ እስቲ ያዘው» ይሉኛል። ስይዘው ይጠራል፣ ስለቀው ይደክማል። ስለዚህ ዜናው እስኪያልቅ ድረስ ሽቦ ይዤ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ድምፁ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ፣ ለምን ቀን ጠፍቶ ማታ እንደሚመጣ የሚነግረኝ ሰው ግን አልነበረም። ጥያቄው አብሮኝ አደገ፤ ከዩኒቨርሲቲም አልፎ ሥራ ቦታ ድረስ ተከተለኝ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የሬዲዮ ሊቃውንት እምነት፣ ሞገዱ በረዘመ ቁጥር ሩቅ ይደርሳል የሚል ነበር። መርከቦችና የቴሌግራፍ ኩባንያዎች ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ብዙ ሺህ ሜትር ርዝመት ያለውን ሞገድ ተሻሙበት። በዚያው ዘመን ከየቤታቸው ጣሪያ ሽቦ ዘርግተው በሞርስ፣ ማለትም ፊደልን በነጥብና በሰረዝ በሚወክለው ኮድ፣ የሚነጋገሩ ወጣቶች በዙ፤ የባሕር ኃይሉንም ሥራ ማወክ ጀመሩ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1912 ባወጣው የሬዲዮ ሕግ እነዚህ የግል ጣቢያዎች ከ200 ሜትር የሚረዝም ሞገድ እንዳይጠቀሙ ከለከለ። ከ200 ሜትር በታች ያለው ሞገድ ለሩቅ ግንኙነት ጥቅም የለውም ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ የተሰጣቸው ማንም የማይፈልገው ቦታ ነበር። ብዙዎች ይህ የአማተሮች መጨረሻ ነው ብለው አስበዋል።

አማተሮቹ ግን በተሰጣቸው ቦታ ሠሩ። እኛ «አማተር» የሚለውን ቃል ያልሠለጠነ ወይም ጀማሪ ለማለት እንጠቀምበታለን፤ በመነሻው በላቲን ግን ወዳድ፣ አፍቃሪ ማለት ነው፤ ለእነዚህ ሰዎች የሚስማማውም ይኸኛው ፍቺ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1923 ሌዮን ደሎይ የተባለው ፈረንሳዊ ከኒስ ከተማ፣ ፍሬድ ሽኔል ደግሞ ከአሜሪካዋ ኮኔቲከት ሆነው፣ 110 ሜትር ገደማ በሆነ ሞገድ አትላንቲክን ተሻግረው ተነጋገሩ፤ በአማተሮች መካከል ውቅያኖስ ያቋረጠ የሁለትዮሽ ግንኙነት ሲደረግ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 1924፣ በለንደን ሚል ሂል ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው ሴሲል ጎይደርና በኒውዚላንድ በግ ያረባ የነበረው ፍራንክ ቤል ከዓለም ጫፍ እስከ ዓለም ጫፍ ተገናኙ። አንዱ ተማሪ፣ ሌላው ገበሬ። መንግሥታትና ኩባንያዎች እጅግ ግዙፍ ማሠራጫና ረጃጅም ምሰሶ ተክለው የሚሠሩትን፣ እነርሱ በጥቂት ኃይል ሠሩት። ከዚያ በኋላ ኩባንያዎቹ ወደ አጭር ሞገድ ጎረፉ፤ የዓለም አቀፍ ስርጭት ዘመንም በእነዚያው ሞገዶች ላይ ተከፈተ።

ይህን ታሪክ ሳነብ የሚመስጠኝ የአማተሮቹ ጉብዝና አይደለም፤ በዘመኑ የነበሩ የኩባንያ መሐንዲሶች ከእነርሱ በእውቀት ያንሱ ነበር ለማለት አይቻልም። ልዩነቱ የኩባንያው መሐንዲስ ጥቅም የለውም በተባለ ሞገድ ላይ ወራት ላጥፋ ቢል አለቃውን ማስፈቀድ ነበረበት። በግ አርቢው ግን ማንንም አላስፈቀደም።

አሁን ለአባቴ ሬዲዮ ጥያቄ መልስ ልስጥ። ከምድር በላይ ከ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ የፀሐይ ጨረር የአየሩን አተሞች ኤሌክትሮን እየነጠቀ በኤሌክትሪክ የተሞላ ንብርብር ይፈጥራል፤ አዮኖስፌር የሚባለው ይህ ነው። ታችኛው ንብርብር ቀን ቀን 41 እና 49 ሜትርን የመሰሉ ሞገዶችን ይውጣል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ ንብርብር ፈጥኖ ይከስማል፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ንብርብር ግን ሌሊቱን ይቆያል፤ ሞገዱንም እንደ መስታወት ወደ ምድር ይመልሳል። አባቴ ማታ የሚጠብቁት ድምፅ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነበር። መንቀጥቀጡስ? የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚባለው መስመር በአገራችን ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የላይኛው ንብርብር ይታመሳል፣ እንደ አረፋ ይበሳሳል፤ በእርሱ ውስጥ ያለፈ ድምፅም ይርገበገባል። አዲስ አበባ ለዚህ መስመር እጅግ ቅርብ በመሆኗ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958 የተካሄደውን ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በማድረግ በዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ፣ ማለትም የምድርን ጠባይ የሚከታተል ጣቢያ፣ ተቋቁሟል። አባቴ በሽቦው ያመካኙት የነበረው ነገር አንዱ ምክንያቱ ከራሳችን በላይ ያለው ሰማይ ነበር። ይህን ያወቅኩበትን ማታ አልረሳውም፤ ደውዬም ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ታዲያ አንተን በከንቱ አቁሜህ ነበራ» አሉኝ። በከንቱ አልነበረም፤ ሽቦውን የያዘ ሰው አንቴናውን ያረዝመዋል።

ከዚህ በኋላ የራሴን አንቴና ሠራሁ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 143ን በሜጋኸርዝ በሚለካው ፍሪኩዌንሲ ስታካፍሉ የሽቦው ርዝመት በሜትር ይወጣል። እኔ ለመረጥኩት፣ በ20 ሜትሩ ሞገድ ውስጥ ላለው 14.074 ሜጋኸርዝ፣ 10 ሜትር ከ16 ሳንቲሜትር ነው፤ መሐል ላይ ስትቆርጡት እያንዳንዱ ክንፍ 5 ሜትር ከ8 ሳንቲሜትር ይሆናል። የመዳብ ሽቦውን ከመርካቶ ገዛሁ፤ በሁለቱ ጫፍ ሽቦውን ከገመዱ የሚለዩትን ማሰሪያዎች ከውሃ ቧንቧ ፕላስቲክ ቆርጬ ሠራሁ፤ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና በግቢው ግራና ቀኝ አቆምኩ። የግቢው ባለቤት የሆኑት እናት ከበራፋቸው ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ የልብስ ማስጫ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አይ እማማ፣ ሬዲዮ መስሚያ ነው» አልኳቸው። «ስልክህ ላይ ሬዲዮ የለም እንዴ?» አሉኝ። አለ አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁኝም፤ አጣናው እንዳይወድቅ ግን ድንጋይ እንዳስደግፈው መከሩኝ፤ ምክራቸውም ትክክል ነበር።

ሬዲዮው ራሱ በኮምፒውተር ላይ የሚሰካ፣ ከፍላሽ ብዙ የማይበልጥ ነገር ነው። ይህ መሣሪያ መጀመሪያ የተሠራው ቴሌቪዥን ለማየት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በትርፍ ጊዜያቸው ሲመረምሩት የነበሩ ፕሮግራመሮች በውስጡ ያለው ቺፕ ያልተነካ የሬዲዮ ሲግናል ለኮምፒውተር ማቀበል እንደሚችል አወቁ። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ ብዙ ሺህ ብር የሚያወጣ መቀበያ የሚሠራውን ሥራ፣ ርካሽ የቴሌቪዥን መቀበያና ነፃ ሶፍትዌር ይሠሩት ጀመር። አዳዲሶቹ አጭር ሞገድንም ይቀበላሉ።

የመጀመሪያው ምሽት ግን ምንም አልሰማሁም። በስክሪኑ ላይ ሲግናሎችን በቀለም የሚያሳየው ሥዕል ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነበር፤ ማለትም ሁሉም ቦታ ጩኸት ነው። ሥራችን ስህተት ማደን አይደለም? በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሬዲዮ ይዤ በቤቴ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ዞርኩ። የስልኬ ቻርጀር ይጮኻል፤ ነቀልኩት። የማድ ቤቱ የኤልኢዲ አምፖል ይጮኻል፤ ለወጥኩት። ቢጫው ትንሽ ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም፤ የቀረው ከጎረቤት ቤቶች የሚመጣ ነውና ምንም ማድረግ አልቻልኩም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሐሙስ ማታ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ በሰፈሩ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ ላይ ስለነበር አልጠፋም። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ቢጫ ሥዕል በአንድ ጊዜ ተቆርጦ ጥልቅ ሰማያዊ ሆነ፤ በሰማያዊው ውስጥም እንደ ዝናብ ክር የቀጠኑ ነጫጭ መስመሮች ብቅ አሉ። እያንዳንዱ ክር አንድ ሰው ነው። ብራዚል፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ሕንድ፣ ጣልያን። ሻማ እንኳ ሳላበራ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። መብራት ሲመጣ ሰፈሩ በደስታ ጮኸ፤ መስመሮቹም በቢጫው ውስጥ ሰጠሙ። ከዚያ በኋላ በሠፈራችን መብራት በጠፋ ቁጥር እማማ በበራፌ በኩል ሲያልፉ «ዛሬስ ከየት ሰማህ?» ይሉኛል፤ የአገሩን ስም ስነግራቸው ደግመው ይጠሩታል።

እነዚያ ክሮች ኤፍቲ8 የሚባል የመልእክት ዘዴ ናቸው፤ ስለ እርሱ ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ፣ ለሶፍትዌር ሰው ከዚህ የሚያምር ነገር ብዙ የለምና። ጆሴፍ ቴይለር በልጅነቱ የአማተር ሬዲዮ ፍቅር የያዘው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ከተማሪው ራስል ኸልስ ጋር በመሆን ከሌላ ኮከብ ጋር እየተሽከረከረ የሚዞር ፐልሳር፣ ማለትም የሬዲዮ ምት የሚልክ ኮከብ፣ አገኘ፤ ሁለቱም በ1993 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ሰው ከጠፈር የሚመጣን እጅግ ደካማ ሲግናል ከጩኸት ውስጥ መልቀም የተማረበትን ጥበብ ይዞ ወደ ልጅነት ፍቅሩ ተመለሰ፤ ከስቲቨን ፍራንክ ጋር ሆኖ በ2017 ኤፍቲ8ን አወጣ። ጊዜ በ15 በ15 ሴኮንድ ይከፈላል፤ በአንዱ ክፍል አንዱ ይናገራል፣ በሚቀጥለው ሌላው ይመልሳል። መልእክቱ 77 ቢት፣ ማለትም 77 ዜሮና አንድ ብቻ ነው፤ በውስጡ የሁለቱ ጣቢያዎች መጠሪያና በምድር ላይ ያሉበት ቦታ ይታጨቃል። ምድር በሁለት ዲግሪ በአንድ ዲግሪ አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለች ሲሆን፣ አዲስ አበባ ያለችበት ማዕዘን ኬጄ99 ይባላል። ስህተት የሚያርመው ኮድ ከመጠንከሩ የተነሣ፣ የሰው ጆሮ ከነጭራሹ የማይሰማውን ሲግናል ኮምፒውተሩ አንድ ፊደል ሳያዛንፍ ያነበዋል። ይህ ሁሉ በነፃ የሚሰጥ፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥራ ነው።

የአማተሮች ሥራ ከምድርም ወጥቷል። የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ በተተኮሰች በአራተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 12 ቀን 1961፣ የካሊፎርኒያ አማተሮች በትርፍ ጊዜያቸው የሠሯት ኦስካር 1 የተባለች 4.5 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ሳተላይት፣ ለሌላ ተልዕኮ በተነሣ ሮኬት ላይ ለሚዛን ተብሎ በሚጫን ክብደት ቦታ ተጭና ወጣች። የምትናገረው በሞርስ «ሃይ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ሰላምታ ብቻ ነበር፤ አራት ነጥብ፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ። ሠሪዎቿ ግን ንግግሯን ከውስጧ ሙቀት ጋር አያይዘውት ስለነበር፣ ነጥቦቹ ስንት ሴኮንድ እንደፈጁ የለካ ሰው የሳተላይቷን ሙቀት ያውቃል። ባትሪዋ እስኪያልቅ በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ከ28 አገሮች ከ570 የሚበልጡ አማተሮች የሰሙትን ጽፈው ላኩ። አንዲት ቃል ብቻ ይዛ ወጥታ መለኪያም ሰላምታም መሆኗ፣ በእኔ ግምት፣ በምሕንድስና ውስጥ ካየኋቸው ቁጥብ ንድፎች ሁሉ የላቀ ነው።

በአገራችንም የዚህ ነገር ሥር አለ። በዓለም አቀፍ ስምምነት ለኢትዮጵያ የተሰጠው የጣቢያ መጠሪያ መነሻ ኢቲ ነው። ከ1963 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ በአጭር ሞገድ ያሰራጭ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ድምፅ ሬዲዮ መጠሪያው ኢቲኤልኤፍ ነበር። የአማተሮች ማኅበር ጣቢያ ደግሞ ኢቲ3ኤኤ ሲሆን፣ ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ነው። ከኢትዮጵያ የሚወጣ ድምፅ ብርቅ ስለሆነ፣ ይህ መጠሪያ በአየር ላይ ሲሰማ ከየአገሩ የሚመልሰው ሰው ይሰለፋል። ማዳመጥና ማሰራጨት የተለያዩ መሆናቸውን ግን አደራ፤ ማሰራጨት ፈቃድ፣ በብዙ አገርም ፈተና የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ መሣሪያ ከመግዛታችሁም በፊት ፈቃዱን ጠይቁ። እኔ እስከ ዛሬ አዳማጭ ነኝ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። በዚህ ከተማ አንድ ወጣት የሚወደውን ነገር ሲያሳይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ለምን ቢዝነስ አታደርገውም?» የሚል ነው። ኑሮ መወደዱን አውቃለሁ፤ ጠያቂዎቹም ለእርሱ አስበው እንደሚጠይቁ አልጠራጠርም። ነገር ግን የቡና መቁላት ደብተር የያዘው ወዳጄ አንድ ጊዜ ይህን ምክር ሰምቶ መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ሙቀት መለካቱን ተወው፤ ምክንያቱም ደንበኛው የሚፈልገው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቡና ነበር፣ እርሱ ደግሞ ማወቅ የሚፈልገው አሥር ዲግሪ ቢጨምር ምን እንደሚሆን ነበር። ደሎይና ቤልም ሞገዳቸውን ወዲያው እንዲሸጡ ቢታዘዙ ኖሮ የሚገዛቸው አያገኙም ነበር። መሸጡን ስለተወ ወዳጄን አመሰግነዋለሁ፤ ደብተሩን እንደገና ጀምሯል፤ ባለፈው ቅዳሜም ያልጠበቀውን ነገር አግኝቶ በስልክ ሲነግረኝ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየን።

ከናንተ መካከል መሞከር ለሚፈልግ ሰው የማውቀውን ሁሉ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ። ከላፕቶፕ ሌላ መቀበያዋ፣ ሽቦውና ትዕግሥት ይበቃሉ። የፀሐይ እንቅስቃሴ በ11 ዓመት ገደማ ዑደት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሲበረታ አጭር ሞገድን የሚመልሰው ንብርብርም ይበረታል፤ ከፍተኛ ደረጃው ላይ መድረሱ በ2024 እ.ኤ.አ. ተነግሯል። ሽቦውን ከቆርቆሮ ጣሪያ አርቁት፤ ቻርጀሮቻችሁን ንቀሉ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ አትናደዱ፣ ፈጥናችሁ ወደ መቀበያችሁ ሂዱ።

አሁን ከቀኑ 11 ሰዓት ሊሆን ነው፤ በዚህ ሰዓት የ20 ሜትሩ ሞገድ ወደ አውሮፓ በኩል ይከፈታል። ጥቅልል ሽቦዬን በቦርሳዬ ይዤ መጥቻለሁ፤ የአዳራሹ ኃላፊም በስተጀርባ ካለው መስኮት እስከ ዛፉ ድረስ እንድንዘረጋው ፈቅደውልናል። ሽቦውን የሚይዙልኝ ሁለት ሰዎች እፈልጋለሁ።